ሽታ ሳይዝ የሚጮኽ የጥንቸል ውሻ ምን ይደረግ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። የዓመት ከአራት ወር ቢግል (በአፍንጫው ጥንቸል ተከትሎ የሚያድን የውሻ ዘር) አለህ፤ ከመኪና ከወረደ ጀምሮ ይጮኻል፤ ጥንቸል ሳትነሳ ይጮኻል፤ ዱካው ሲቋረጥበት ደግሞ ይብስበታል። ሁለቱ ጎልማሳ ውሾችህም ጥንቸል ያገኘ እየመሰላቸው የያዙትን ትተው ወደ እሱ ይሮጣሉ፤ ቀኑም በከንቱ ይመሻል። የኤሌክትሪክ አንገት ማሰሪያ ልግዛ ወይስ ለሰው ልስጠው ነው ያልከው። ለሁለቱም አትቸኩል። ቢግል ሳሳድግና ሳሠለጥን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደ አንተው ውሻ ያሉ ለፍላፊዎችም፣ ማለትም ያለ ሽታ የሚጮኹ ውሾች፣ በእጄ አልፈዋል። የታረሙ አሉ፣ አልታረም ያለም አለ።

የጥንቸል ውሻ መጮኹን በራሱ እንደ ጥፋት አትየው። አደኑ የሚካሄደው በድምፁ ነው። ኮተንቴይል የምትባለው ጥንቸል ውሻ ሲነሳባት አገር ለቃ አትጠፋም፤ መላ ኑሮዋ በጥቂት ሄክታር ውስጥ ስለሆነ ዞራ ዞራ ወደ ተነሳችበት አካባቢ ትመለሳለች። አዳኙ እዚያው ቆሞ የውሾቹን ድምፅ እያዳመጠ ይጠብቃታል። ድምፁ ወደ ግራ ሲታጠፍ ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል፤ ሲቀርብ ይዘጋጃል። ዝም ብሎ የሚያሳድድ ውሻ ቢኖርህ ጥንቸሏ ከየት እንደመጣች ሳታውቅ በጎንህ ታልፋለች። ለዚህም ነው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ (የውሻ ዘር መዝጋቢው ድርጅት) የቢግል ውድድር ደንብ መለፍለፍን ብቻ ሳይሆን ድምፅ መቆጠብንና ጭራሽ ሳይጮኹ ማሳደድንም ጉድለት ብሎ የጻፈው። የሚፈለገው ጩኸት አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ነው፦ ሽታው አፍንጫዬ ላይ ነው፣ ወደፊትም እየሄድኩበት ነው። ከዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ ውሸት ነው፤ እኛም ማረም ያለብን ውሸቱን ነው።

አንተ እንደ አንድ ችግር የጻፍከው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

ከመኪና ሲወርድ የሚጮኸው ከደስታ ብዛት ነው። ይህ ያን ያህል አያሳስብም። በገመድ እንደታሰረ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር አዙረው፤ ጸጥ ካለ በኋላ ልቀቀው። እየጮኸ ከለቀቅከው ግን ጩኸቱ በሩን እንደሚያስከፍትለት ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይጮኻል።

ጥንቸል ሳትነሳ የሚጮኸውን ቀረብ ብለህ መርምረው። ሌሊት ስትግጥ ያደረች ጥንቸል የተወችው ሽታ እርጥብ ሣር ላይ እስከ ጠዋት ሊቆይ ይችላል። አፍንጫው የሠላ ውሻ ያንን የቆየ ሽታ አግኝቶ አልፎ አልፎ ድምፅ ቢያሰማ፣ ቀስ እያለ ቢከተለውና ጥንቸሏ ከተኛችበት ቢያደርስህ ለፍላፊ አትበለው፤ እንዲህ ያለ ውሻ ብዙ አዳኝ የሚመኘው ነው። መለያው እርምጃው ነው። እየጮኸ ቦታ ይለውጣል? ይሄዳል? ወይስ አንድ ቁጥቋጦ ሥር እየተሽከረከረ ያንኑ ሽታ ደጋግሞ ይጮኽበታል? ሁለተኛው ከሆነ ልቅ አፍ፣ ማለትም ለፍላፊ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምንም ሽታ በሌለበት፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ዱካ የያዘ መስሎ እየጮኸ የሚሮጠው ነው። እንዲህ ያለውን ለማዳን የሚደክም ሰው ትዕግሥቱን አደንቃለሁ እንጂ ተስፋውን አልጋራም።

ዋናው ጉዳይህ ሦስተኛው ነው፦ ዱካው ሲቋረጥ የሚሆነው። ጥንቸል ብልሃተኛ ናት። ድንገት በጎን ትታጠፋለች፤ አንዳንዴ በመጣችበት ዱካ ትመለስና ወደ ጎን ትዘልላለች፤ ደረቅ ጥርጊያ ወይም ድንጋያማ ቦታ ትሻገራለች። በፍጥነት የመጣው ውሻ መታጠፊያውን ጥቂት ሜትር አልፎት ይሄዳል። ጥሩ ውሻ ሽታው እንደጠፋ ድምፁ በዚያው ቅጽበት ይቆማል። አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ ሽታውን መጨረሻ ካገኘበት ቦታ አጠገብ በትንሽ ክብ ይፈልጋል፤ ካጣው ክቡን ያሰፋል። ሲያገኘው አንዴ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ። ያቺ ጸጥታ ራሷ መልእክት ናት። ለጓደኞቹ «ጠፍቶናል፣ ፈልጉ» ትላለች፤ ለአንተም ጥንቸሏ አቅጣጫ እንደቀየረች ትነግርሃለች።

ለፍላፊው ይህችን ጸጥታ አይችላትም። ሲጓጓ፣ ሲጨንቀው፣ ዱካውን እንደገና ላገኝ ነው ሲል ይጮኻል። ሌሎቹ አገኘ ብለው ወደ እሱ ይሮጣሉ፤ እውነተኛው መታጠፊያ ላይ የሚሠራ ውሻ አይቀርም፤ መሬቱ ይረጋገጣል፤ ጥንቸሏም እስከዚያ ርቃ ትሄዳለች።

አሁን ሊያስቸኩልህ የሚገባው ግን የጎልማሶቹ ውሾች ጉዳይ ነው። ዛሬ ሲጠራቸው ይመጣሉ፤ ይህ በጎ ጠባያቸው ነው። እየተታለሉ ሲከርሙ ግን እሱን መስማት ያቆማሉ። ከዚያም አልፎ አንዱ የሌላውን ጥሪ ማመን ሊተው፣ እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ሊይዝ ይችላል። ወይም እነሱም የእሱን አመል ይለምዳሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለየው። ሌላው ሁሉ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ይህ ግን አይደለም።

ለብቻው ስታሮጠው መድኃኒቱም ምርመራውም እዚያው ይጀመራል። ብቻውን ሲሆን ዝም ብሎ የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ያለው ከጓደኞቹ ጋር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ጎልማሶቹ ሲፈጥኑበት ነው፤ ከኋላ ቀርቶ፣ ሽታውን ራሱ ሳይዝ፣ እነሱ ስለጮኹ ብቻ «እኔም አለሁ» እያለ ይጮኻል። ቡችላን ገና አፍንጫውን ማመን ሳይማር ከፈጣን መንጋ ጋር መልቀቅ የሚያስከትለው ነገር ነው። ብቻውን ሆኖም ዱካ በጠፋ ቁጥር የሚጮኽ ከሆነ ግን ልማዱ የራሱ ነው፤ ሥራው ይረዝማል።

ለምርመራው አየሩን ምረጥ። መሬቱ ረጠብ ያለበት፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ሽታ ይይዛል። ደረቅና ነፋሻ ቀን ዱካው በየጥቂት ሜትሩ ስለሚቆራረጥ ደህናው ውሻም ሊንተባተብ ይችላል፤ በዚያ ቀን ባየኸው አትፍረድ። በረዶ የሚጥልበት አገር ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ የጥንቸሏ ኮቴ ስለሚታይ ውሻው ሲጮኽ ዱካው ላይ ነው ወይስ ከዱካው ውጭ የሚለውን በዓይናችሁ ትፈርዳላችሁ። በረዶ ከሌለ ጥንቸሏ ስትሻገር ያየህበትን ቦታ በልብህ ያዝ፤ ውሻው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። ጂፒኤስ አንገት ማሰሪያ ካለህ የሄደበትን መስመር በኋላ እየው። በስልክህ ድምፁን ቅዳና ከመስመሩ ጋር አስተያየው፤ ሳያቋርጥ እየጮኸ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከተጠቀለለ መልሱን አገኘህ።

ከልምዴ የማምነውን ልንገርህ፤ ከለፍላፊዎች ብዙዎቹን የሚያበላሻቸው ባለቤቱ ነው። ቡችላው የመጀመሪያዋን ድምፅ ሲያሰማ ሰው ደስ ይለዋል፤ «በለው! ያዘው! ጎበዝ!» እያለ ይሮጣል። ውሻው ከዚህ የሚረዳው ሲጮኽ ጌታው እንደሚመጣ ነው እንጂ ሲያገኝ ብቻ መጮኽ እንዳለበት አይደለም። ስለዚህ አሁን የመጀመሪያው ሥልጠና የሚመለከተው አንተን ነው። በውሸት ሲጮኽ አትሂድ፣ አትጥራው፣ አትቆጣው፣ አትመልከተው። ዱካው ሲጠፋበትም እየመራህ አታሳየው፤ ራሱ ያውጣው። እውነተኛ ዱካ ይዞ ሲሄድ ተከተለው፤ ዞሮ ሲመጣ በለሰለሰ ድምፅ አመስግነው፤ ይበቃል።

ሌላው ሥራ ማሮጥ ነው፤ ደጋግሞ፣ ለረጅም ሰዓት፣ ለብቻው። ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ከርሞ ቅዳሜ የሚለቀቅ ወጣት ውሻ ባይጮኽ ነው የሚገርመኝ። በየጊዜው የሚሮጥ ውሻ ጉልበቱ ሲቀንስ የሚያወጣውን ድምፅ መቆጠብ ይጀምራል፤ በራሱ አፍንጫ መታመንንም የሚማረው ማንም ሳይረዳው ብዙ መታጠፊያ ሲፈታ ነው። አንዲት ሴት ውሻ ነበረችኝ፤ ዱካ በጠፋ ቁጥር እንደ ሳይረን የምትጮኽ። አንድ የአደን ወቅት ሙሉ ከማንም ጋር ሳላገናኛት አሮጥኳት። መጀመሪያ ላይ ለውጥ ያለ አይመስልም ነበር፤ ወቅቱ ሲጋመስ ጩኸቷ አጠረ፤ በመጨረሻ ዱካው ሲጠፋ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አሰምታ ዝም ብላ መፈለግ ጀመረች። ፍጹም አልሆነችም፤ ግን የምታምናት ውሻ ሆነች። በታጠረ የሥልጠና ግቢ የምታሮጠው ከሆነ ግን ጥንቸል የበዛበትን ተጠንቀቅ። በየአቅጣጫው ሽታ ስላለ የትም ቢጮኽ ልክ ይሆናል፤ አንዱን ዱካ ትቶ ሌላውን ይይዛል፤ የጠፋን ዱካ መፈለግን አይማርም።

ብቻውን ሲሻሻል ወደ መንጋው በአንዴ አትመልሰው። አንድ ውሻ ጨምርለት፤ እሱም በፍጥነት የሚመጣጠነው፣ በዕድሜ የበሰለ፣ አፉ የታረመ ይሁን። ሁለቱ ተስማምተው ሲሠሩ ሦስተኛውን ጨምር። ጩኸቱ ካገረሸ ወደ ብቻው መልሰው፤ ለዚህ መናደድ አያስፈልግም።

ስለ ኤሌክትሪክ ማሰሪያው ደግሞ ግልጽ ልሁን። በድምፅ ራሱ የሚሠራው ዓይነት፣ ማለትም ውሻው በጮኸ ቁጥር የሚነዝረው፣ አደን ላይ ፈጽሞ አይደረግም። እውነቱንም ውሸቱንም እኩል ይቀጣል። ውሻው ጥንቸሏን እያሳደደ ሳለ ሲነዘር የሚያገናኘው ከጩኸቱ ጋር ላይሆን ይችላል፤ ከጥንቸሏ ሽታ ጋር ሊሆን ይችላል። የአንድ ወዳጄ ውሻ እንዲህ ሆኖ ጥንቸል ሲሸተው ጅራቱን አጥፎ እግሩ ሥር የሚገባ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። በእጅ የሚታዘዘውን የሚጠቀሙ ጥሩ አሠልጣኞች አውቃለሁ፤ እነሱም የሚጠቀሙት ውሻው አስቀድሞ የማሰሪያውን ትርጉም ሲያውቅ፣ በጣም ዝቅተኛ በሆነ መጠን፣ ሽታ እንደሌለ በዓይናቸው ሲያረጋግጡ ብቻ ነው። አንተ በዚህ ደረጃ እርግጠኛ መሆን አትችልም፤ የአንተ አፍንጫ የእሱን ሥራ ለመዳኘት አይበቃም። ከሕግም አንጻር ማሰሪያው የተከለከለባቸው አገሮች አሉ፤ ዌልስ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላለች። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ያለህበትን አገር ሕግ እይ። «ዝም» የሚለውን ትእዛዝ ቤት ውስጥና መኪናው አጠገብ አስተምረው፤ ዱካ ላይ እያለ ግን አትጠቀምበት።

በአሮጌ ውሻ ላይ ድንገት የመጣ ጩኸት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጆሮው ወይም አፍንጫው ታሞ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይየው። የአንተ ወጣት ስለሆነ እዚያ አልሄድም።

ለሰው ስለመስጠቱ፦ ገና ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ቢግል ራሱን አላወቀም። ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ብቻውን በደንብ ተሮጦ፣ አሁንም ሽታ በሌለበት የሚጮኽ ከሆነ ግን የደም ነገር ነው ብለህ ተቀበለው። ልቅ አፍነት በዘር እንደሚሄድ አርቢዎች አጥብቀው ያምናሉ፤ እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ከለፍላፊ እናት የመጡ ቡችሎች ከዓይነቱ አያመልጡም። የእናት አባቱን አመል ከሸጠልህ ሰው ጠይቅ። እስኪለይለት ድረስም አታራባው፤ ሌላው ሁሉ ቢያምርም። እኔ ያልታረመልኝን አንዱን ለአንድ ቤተሰብ ሰጠሁት፤ ከልጆች ጋር ሲጫወት ይውላል፤ ጎረቤቶቹ ግን ስለ እኔ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኩም።

ለጊዜው ማሰሪያውን አትግዛ። ለሁለት ወር ያህል ብቻውን አሩጠውና ተመልሰህ ጻፍልን፦ ብቻውን ሲሆን ዱካ ሲጠፋበት ምን ያደርጋል፣ ጩኸቱ እያለ ቦታ ይለውጣል ወይስ አይለውጥም፣ የእናት አባቱስ አመል ምን ይመስላል። ድምፁን ከቀዳህ እሱንም ለጥፈው፤ ሰምተን የቱ ዓይነት እንደሆነ እንነግርሃለን።