አንቀጽ 17 የት ገባ? እና ሌሎች የቁጥር ጥያቄዎች

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ አድልተዋል፦ ዎርድ ላይ ቁጥር አሰጣጥ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበትና የማኅበር ደንብ የሚታደስበት ወቅት ስለሆነ ይመስለኛል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ። ስድቡንም አውጥቻለሁ፤ ለነገሩ ስድቡ ለዎርድ እንጂ ለኔ አልነበረም።

ጥያቄ፦ "1 ብዬ ጽፌ መስመር ስወርድ ራሱ 2 ብሎ ይቀጥልብኛል። እንዴት ላስቁመው?" (ከለገጣፎ)

መልስ፦ 2 ብቅ እንዳለ ወዲያው ኮንትሮል ዜድ።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ይኖራል። ትምህርት ክፍሉ የምዕራፉ ቁጥር በእንግሊዝኛ ቃል "ቻፕተር ዋን" ተብሎ እንዲጻፍ፣ ንዑስ ርዕሶቹ ግን 1.1፣ 1.2 እንዲሉ ይፈልጋል። ቁጥሩን ከስታይል (ዎርድ ለየርዕሱ ዓይነት ከሚሰጠው ቅርጽ) ጋር አያይዞታል (ጎበዝ!)። ግን ንዑስ ርዕሶቹ "ዋን.1"፣ "ዋን.2" ሆነው ወጡበት። ነገ ማስገባት አለበት።

መልስ፦ ነገ የሚያስገቡ ሰዎች ሁሉ ለምን ዛሬ ማታ እንደሚጽፉልኝ አንድ ቀን ይገባኝ ይሆናል። ለማንኛውም የቀረህ አንድ ምልክት ብቻ ነው። ከንዑስ ርዕሶቹ አንዱ ላይ ቁም። ሆም ውስጥ መልቲሌቭል ሊስት፣ ከዚያ ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት በል። ከታች በግራ በኩል ሞር የሚለውን ካልተጫንክ ግማሹ ነገር ተደብቆ ነው የሚቀረው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። በግራ ካለው ዝርዝር 2ን ምረጥ። በቀኝ በኩል ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርግበት። 3ም ላይ እንደዚያው። ይኼ ሳጥን በዚያ ደረጃ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ወደ ተራ አኃዝ ይመልሳቸዋል። ምዕራፉ "ዋን" እንዳለ ይቀራል፣ ከሥሩ ያለው 1.1 ይሆናል። ከዚያ ማውጫውን በቀኝ ተጫንና ሙሉውን አድሰው። ስለ ኅዳግና ስለ መስመር ስፋት የጠየቅከውን አማካሪህን ጠይቅ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄድ ግን ፒዲኤፍ አድርገህ ሂድ። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ያንተ ፎንት ከሌለ ገጹ ይንሸራተታል፣ ማውጫህም ይዋሻል።

ጥያቄ፦ ይኼኛው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የዕድር ጸሐፊ ከሆኑ አባት የመጣ ነው። ረዥም ነው፤ ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ። የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ልጃቸው በዎርድ ጽፎላቸዋል። ዘንድሮ ጉባኤው ከአንቀጽ 9 ቀጥሎ አንድ አዲስ አንቀጽ እንዲገባ ወሰነ። ልጁ አስገባ፤ ከዚያ በታች ያሉትን የአንቀጽ ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ በእጁ አስተካከለ። ደንቡ ተባዝቶ ለአባላት ታደለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አባል ቀብር ሳይወጣ ቀረ። ሊቀጡት ሲሉ ደንቡን ገልጦ ተከራከረ። ደንቡ "ቀብር ያልወጣ አባል በአንቀጽ 17 በተመለከተው መሠረት ይቀጣል" ይላል። አንቀጽ 17 ደግሞ አሁን የድንኳንና የወንበር ኪራይ ሆኗል። ጸሐፊው የሚጠይቁት፦ "ልጁን ልቆጣ ወይስ ኮምፒውተሩን?"

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁን አይቆጡት። ርዕሶቹን አስተካክሏል፤ በጽሑፉ መሐል የተበተኑት "በአንቀጽ ይህን ያህል መሠረት" የሚሉት ናቸው ያመለጡት። እነሱን በዓይን መልቀም ደግሞ ለማንም ከባድ ነው። ሰውዬውንም አልፈርድበትም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው።

የችግሩ ሥር ሌላ ቦታ ነው። በእጅ የተጻፈ ቁጥር በር ላይ በኖራ እንደተጻፈ የቤት ቁጥር ነው። መሐል ላይ አዲስ ቤት ሲሠራ ማንም ዞሮ አያስተካክለውም። ዎርድ ውስጥ ቁጥሩን ሰው መጻፍ የለበትም። ሰው የሚናገረው "ይኼ ምዕራፍ ነው፣ ይኼ አንቀጽ ነው፣ ይኼ ንዑስ አንቀጽ ነው" ብሎ ብቻ ነው። ስታይል የሚባለው እሱ ነው። ቆጠራው የማሽኑ ሥራ ይሁን።

ልጁ እንዲህ ያድርግ። በመጀመሪያ በእጁ የጻፋቸውን ቁጥሮች ያጥፋ፣ "አንቀጽ" የሚለውን ቃል ጭምር። የምዕራፍ ርዕሶች ላይ እየቆመ ኮንትሮል ኦልት 1 ይጫን፤ ሄዲንግ 1 ይሆናሉ። የአንቀጽ ርዕሶች ላይ ኮንትሮል ኦልት 2። ለንዑስ አንቀጽ ሄዲንግ 3ን አልመርጥም። ንዑስ አንቀጽ ርዕስ ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ማውጫው ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። "ንዑስ አንቀጽ" የሚባል አዲስ ስታይል ይፍጠር። ስሙ በአማርኛ ቢሆን ዎርድ ግድ የለውም።

ከዚያ አንድ የምዕራፍ ርዕስ ላይ ቆሞ መልቲሌቭል ሊስት ውስጥ 1፣ 1.1፣ 1.1.1 የሚለውን ይምረጥ፤ ቀጥሎ ለተማሪው ወደነገርኩት መስኮት ይግባ፤ ሞርን ይጫን። ሌቭል 1 ላይ ጥላ ያረፈበት 1 ይታያል። ያንን እንዳይነካው። አጥፍቶ በራሱ ጣት 1 ብሎ ከጻፈ ሁሉም ምዕራፍ "ምዕራፍ 1" ሆኖ ይቀራል። ከፊቱ "ምዕራፍ" ብሎ ይጻፍ፣ በቀኝ ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል ውስጥ ሄዲንግ 1ን ይምረጥ። ሌቭል 2 ላይ ከፊት የመጣውን የምዕራፍ ቁጥርና ነጥብ አጥፍቶ "አንቀጽ" ይጻፍ፣ ከሄዲንግ 2 ጋር ያያይዝ። ሌቭል 3ን ከራሱ ስታይል ጋር ያያይዝ፤ እዚያም የምዕራፉን ቁጥር ያውጣ፣ 9.1፣ 9.2 የሚለው ይበቃል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘነጋው አለ። ዎርድ ካልከለከሉት በየምዕራፉ አንቀጽን ከ1 ይጀምራል። የኛ አገር የሕግ አጻጻፍ እንደዚያ አይደለም። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ይግለጡ፦ ምዕራፍ ሦስት የሚጀምረው በአንቀጽ 13 ነው፣ አስራ አንዱም ምዕራፎች በአንድ ቆጠራ ሄደው 106 ላይ ያበቃሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአምስት መጻሕፍት ተከፍሎ ቆጠራው ሳይቋረጥ እስከ 3367 ይዘልቃል። የዕድር ደንብም ይኼንኑ ነው የሚከተለው። ስለዚህ ሌቭል 2 ላይ ሪስታርት ሊስት አፍተር ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሳ። ሌቭል 3 ላይ ግን ይተወው፤ ንዑስ አንቀጽ በየአንቀጹ ከ1 መጀመር አለበት።

ይኼ ሁሉ ግን ገና ግማሹ ነው። ሰውዬው የተከራከረበት መስመር ገና አልተነካም። "በአንቀጽ 17" የሚለው ላይ ይሂድ፤ "በ"ን ይተዋት፣ "አንቀጽ 17"ን ያጥፋ። ከ"በ" ሥር ሳይርቅ፣ ክፍት ቦታ ሳይተው፣ ሪፈረንስስ ውስጥ ክሮስ ሪፈረንስ ይበል። ነምበርድ አይተም የሚለውን፣ ከዚያ ፓራግራፍ ነምበር (ኖ ኮንቴክስት) የሚለውን ይምረጥና የቅጣቱን አንቀጽ ይጠቁመው። "አንቀጽ 18" የሚለው ከነቃሉ መጥቶ ከ"በ" ጋር ይገጥማል፤ "በአንቀጽ 18" ይሆናል። "የአንቀጽ" እና "ለአንቀጽ" ለሚሉትም ያው ነው።

ከእንግዲህ አዲስ አንቀጽ በገባ ቁጥር ኮንትሮል ኤ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9። ጥቅሶቹ ሁሉ ይታደሳሉ። ራሳቸው አይታደሱም፤ ኤፍ 9 ሳይጫን አትሞ "አልሠራም" እንዳይለኝ። የተጠቀሰው አንቀጽ ከነጭራሹ ከተሰረዘ ዎርድ በቦታው "ኤረር" የሚል ጽሑፍ በደማቁ ይተክላል። እሱን ሲያይ አይደንግጥ። ድንኳን ኪራይ ላይ ዝም ብሎ ከሚጠቁም ጥቅስ የሚጮኸው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ። የድሮ ቃለ ጉባኤዎች የድሮውን ቁጥር እንደያዙ ይቀራሉ። አዲሱ ደንብ ሽፋን ላይ መቼ እንደተሻሻለ ይጻፍበት፣ የቁጥሩ መለወጥም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ሰውዬው ይቀጣ አይቀጣ የሚለውን ዕድሩ ይጨርሰው፤ እኔ አልገባበትም።

ጥያቄ፦ የሰበታ መምህርት ናት። ፈተና ስታወጣ ምርጫዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ እንዲሄዱ ትፈልጋለች። ዎርድ ኤ ቢ ሲ እንጂ ሀ ለ ሐ የለውም።

መልስ፦ የለውም። የዕብራይስጡ አለ፣ የታይ ፊደል አለ፣ የኛ የለም። ይኼ ሁሌም ያናድደኛል። ለፈተና ግን ቆንጆ መላ አለ፤ ምርጫዎቹ ሁሌ አራት ስለሆኑ ነው የሚሠራው። አምስት ስታይል ፍጠሪ፦ ጥያቄ፣ ምርጫ ሀ፣ ምርጫ ለ፣ ምርጫ ሐ፣ ምርጫ መ። በዚያው መስኮት ሌቭል 1ን ከ"ጥያቄ" ጋር አያይዢ፣ ቁጥር ይሁን። ሌቭል 2 ላይ ጥላ ያለበትን ቁጥር ከነጭራሹ አጥፍተሽ "ሀ)" ብለሽ ጻፊ፣ ከ"ምርጫ ሀ" ጋር አያይዢ። ሌቭል 3 ላይ "ለ)"፣ እንደዚያው እስከ 5። የአራቱም ምርጫዎች ገብታ (ከዳር ወደ ውስጥ የሚገቡት ርቀት) እኩል ይሁን፣ አለዚያ እንደ ደረጃ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ።

ከዚያ ስታይሎቹን ሞዲፋይ እያልሽ፣ ቀጣዩ አንቀጽ በምን ስታይል ይምጣ በሚለው ቦታ ላይ ከጥያቄ ቀጥሎ ምርጫ ሀ፣ ከሀ ቀጥሎ ለ፣ ከመ ቀጥሎ ተመልሶ ጥያቄ አድርጊ። አሁን ጥያቄውን ጽፈሽ ኢንተር ስትይ "ሀ)" ራሱ ይመጣል። መልሱን ጻፊ፣ ኢንተር፣ "ለ)"። "መ)" ሲያልቅ ኢንተር፣ የሚቀጥለው የጥያቄ ቁጥር። ፈተናው እየተየብሽው ራሱ ቅርጽ ይይዛል።

ደረጃዎቹ 9 ብቻ ስለሆኑ ይኼ መላ ለረዥም ዝርዝር አይሆንም። ደንብ ላይ ሀ ብሎ እስከ ቀ ለሚሄድ ሰው ፊደሉን በእጁ ጽፎ፣ ገብታውን ብቻ በስታይል ቢይዝ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ "የግዕዝ ቁጥር ፩፣ ፪፣ ፫ ራሱ እንዲቆጥርልኝ?"

መልስ፦ እሱም የለም። ለምዕራፍ ብቻ ከሆነ በእጅ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ላይ ሦስት ጓደኛሞች አንድ ሪፖርት ተከፋፍለው ጽፈው ሲገጣጥሙት ቁጥሩ 1፣ 2፣ 1፣ 4፣ 1 ሆነ። አንደኛው ሌላኛውን ይከሳል።

መልስ፦ ሦስታችሁም ንጹሐን ናችሁ። እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ዝርዝር ይዞ መጥቶ ነው። ጽሑፉን ስትለጥፉ ኪፕ ቴክስት ኦንሊ የሚለውን ምረጡና ስታይሉን ዋናው ፋይል ላይ ስጡት። በዚህ መንገድ ሥዕልና ሠንጠረዥ ስለሚጠፋ እነሱን ለብቻ አምጡ። ለሚቀጥለው ደግሞ አንዱ ባዶውን ፋይል ከነስታይሉ አዘጋጅቶ ለሁለቱ ይላክ፣ ከዚያ በኋላ ተከፋፈሉ።

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ሱቅ ያከራየች እህት ናት። የኪራይ ውሉ ተፈርሟል፣ ምስክሮችም ፈርመዋል። ቤት ገብታ ስታየው ተራ ቁጥሩ 4፣ 5፣ 5፣ 7 ይላል። ፋይሉ አላት። ያንን አንድ ገጽ ብቻ አስተካክላ አትማ ብትቀይረውስ?

መልስ፦ እንዳታደርጊው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ከተፈረመ ውል ውስጥ አንድ ገጽ አውጥቶ ሌላ መተካት የዎርድ ጥያቄ አይደለም፤ ሐሳብሽ ንጹሕ ቢሆንም ነገ ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል። ጠበቃ ጋ ሂጂ። ተከራይሽን ዛሬውኑ አሳውቂው፣ ተደብቀሽ አታስተካክዪ። ውሉ በውልና ማስረጃ ያለፈ ከሆነ የሚስተካከለውም እዚያው ተመልሶ ነው። ሁለት 5 መኖሩ ብቻውን ምንም ላያመጣ ይችላል፤ ያንን የሚነግርሽ ግን ጠበቃው እንጂ እኔ አይደለሁም። ፋይሉንም እንዳለ አስቀምጪው፣ አትነካኪው። የቁጥር አሰጣጡን ለሚቀጥለው ውል ላሳይሽ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ "ጽሑፉ ተራ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ደምቆና ቀልቶ ወጣ። አልመርጠው ነገር፣ አይመረጥም።"

መልስ፦ ቁጥሩ መልኩን የሚወስደው ከአንቀጹ መጨረሻ ምልክት ነው። ኮንትሮል ሺፍት 8 ብትጫን ምልክቶቹ ይታያሉ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ብቻ ምረጥና ኮንትሮል ስፔስ በል።

ጥያቄ፦ "ያለኝ ዎርድ 2007 ነው። ላፕቶፕ ልቀይር?" (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ለዚህ ብለህ አትቀይር። ሄዲንግ፣ መልቲሌቭል ሊስት፣ ክሮስ ሪፈረንስ፣ ሁሉም እሱ ላይ አሉ። አንዳንዱ ቁልፍ ቦታው ይለያል እንጂ።