ሃምሳኛዋ ሲኒ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። መገናኛ አካባቢ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ በረንዳ ላይ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። በወር 26 ቀን እሠራለሁ፤ በቀን 90 ሲኒ ገደማ ይጠጣልኛል፤ ሲኒው 20 ብር ነው። የበረንዳው ኪራይ 7,000 ብር ነው፤ ለምታግዘኝ ልጅ 4,000 እከፍላለሁ። የሚሰበረውን ሲኒና ጀበና ለመተካት በወር 700 ብር አያንስም። ስኳር፣ ከሰል፣ ውሃ፣ ፈንዲሻና ዕጣን በቀን 360 ብር ይፈጃሉ። ኪሎ ቡና በ450 ነበር የምገዛው፤ አሁን 700 ገብቷል። ከአንዱ ኪሎ 100 ሲኒ ይወጣኛል። ሰው ሁሉ «አንቺማ ብር እያፈስሽ ነው» ይለኛል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን እጄ ባዶ ነው። የቤት አስቤዛና የታናሽ ወንድሜ ትራንስፖርት ከዚያው ከሽያጩ ይወጣል፤ ዱቤም 4,200 ብር ሰው ላይ አለኝ። በፊት አስተናጋጅ የነበርኩበት ሆቴል በ5,000 ብርና በምሳ ተመለሺ ይለኛል። ዋጋ እንዳልጨምር አጠገቤ ያሉት ሦስቱ በ20 ይሸጣሉ። ምን ላድርግ?
ቡና ሻጭ፣ ከመገናኛ

መልስ፦ ልጄ፣ ከአንድ ኪሎ ስንት ሲኒ እንደሚወጣ ቆጥረሽ ማወቅሽ ደስ ብሎኛል። ስንት ዓመት የሠራ ነጋዴ ይህን ሲጠየቅ «እንጃ» ይላል።

አንዲት ሲኒ ላንቺ ስንት እንደምትፈጅ እንይ። ቡናው 7 ብር ነው፤ ስኳሩ፣ ከሰሉና የቀረው 4 ብር ነው። በድምሩ 11 ብር። ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል፤ ሰው ሲጠጣልሽ ይጨምራል፣ ካልጠጣ የለም። በ20 ስትሸጪ ከየሲኒው 9 ብር ይቀርሻል። ይህ 9 ብር ግን ገና ያንቺ አይደለም። ኪራዩ፣ የልጅቷ ደመወዝና የሲኒው መተኪያ ተደምረው 11,700 ብር ይሆናሉ። ይህ ቋሚ ወጪሽ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሎ አንድ ሰው ባይቀመጥልሽም ይጠብቅሻል። 11,700ን ለ9 ብናካፍል 1,300 ሲኒ ይመጣል፤ ለ26 ቀን ሲደርስ በቀን 50።

ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሃምሳኛዋ ሲኒ ድረስ የምትቀጂው ለአከራይሽ፣ ለልጅቷ፣ ለቡና ነጋዴውና ለከሰል ሻጩ ነው። ያንቺ የሚጀምረው ከ51ኛዋ ነው። 40 ሲኒ በ9 ብር፣ በቀን 360፣ በወር 9,360 ብር። ቡናው 450 በነበረ ጊዜ ወጪሽን ለመሸፈን 40 ሲኒ ገደማ ይበቃሽ ነበር። በየቀኑ አሥር ሲኒ ከእጅሽ ወጥቷል ማለት ነው። አንቺ ማታ ማታ የምትቆጥሪው ያንኑ 1,800 ብር ስለሆነ አላየሽውም።

ቡና ለምን እንዲህ ተወደደ ብለሽ እንደሆነ፣ ቡና የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ዕቃ ነው። እዚሁ አገር ውስጥ የሚጠጣው ከምርታችን ግማሽ ያህሉን ቢይዝም ላኪው የሚከፍለው ዋጋ ሌላውን ይስበዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ተሻገረ። በየካቲት 2017 ደግሞ ብራዚል ድርቅ መትቷት ስለነበር የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ለአንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ ለማይሞላው፣ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። የብራዚል ድርቅ መገናኛ በረንዳ ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ዋጋ አለመጨመርሽ ግን ያሳስበኛል፤ እኔም የከሰርኩት እዚያ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን የሒሳብ መዝገብ አያያዝ አስተምር በነበረበት ጊዜ ከትምህርት ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበረኝ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር ከዶላር አንጻር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ደርዘን ደብተር በ108 ብር ነበር የገዛሁት፤ በ132 ሸጥኩና 24 ብር አተረፍኩ ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። ልተካ መርካቶ ስወርድ ደርዘኑ 135 ገብቷል። የሸጥኩበት ገንዘብ የሸጥኩትን አይመልስልኝም! ወላጆች ስለሚያዝኑብኝ ባሮጌው ዋጋ ቀጠልኩ። መደርደሪያው እየሳሳ ሄዶ በዓመቱ ዘጋሁት። ያ ሱቅ ሲዘጋ የተሰማኝ ሐዘን ዛሬም አልወጣልኝም። ለዚህ ነው ትርፍ የምለው የሸጥሽውን መልሰሽ ተክተሽ የሚቀረውን ብቻ የሆነው። ቤትሽ በ450 የገዛሽው ቡና ቢኖርሽ እንኳ ሲኒውን የምታሰይው በ700ው ነው፤ ነገ የምትገዢው በዚያ ነውና።

አሁን ወደ 25 ብር እንውጣ። ከሲኒው 14 ብር ይቀርሻል። ዛሬ የምታገኚውን 9,360 ብር ለማግኘት በቀን 58 ሲኒ ይበቃሻል። ከ90ው ጠጪሽ 32ቱ ቢሸሹ እንኳ አትጎጂም። 32 ሰው በ5 ብር ይሸሻል? የቢሮ ሠራተኛ ቡና የሚጠጣበት ቦታ የሚመርጠው በቅርበት፣ በጣዕምና በጨዋታ ጭምር ነው። ደግሞም ያ 700 ብር ኪሎ ሦስቱን ጎረቤቶችሽንም አይምራቸውም፤ አንድ ቀን መጨመራቸው አይቀርም። ለሁለት ሳምንት ሞክሪና በየቀኑ ሲኒውን ቁጠሪ። 75 ቢጠጣልሽ በወር 15,600 ብር ይቀርሻል። ቡናውን አቅጥነሽ በ20 እቀጥላለሁ ማለትን ግን አታስቢው፤ ጠጪው በሁለተኛው ቀን ያውቀዋል፣ ሳይነግርሽም ይቀራል።

9,360ው የት እንደሚገባ አንቺው ጽፈሽልኛል። አስቤዛው፣ ትራንስፖርቱ፣ ዱቤው። የንግዱ ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ አንድ ኪስ ሲገቡ የትኛው የትኛውን እንደበላ አይታወቅም። ለራስሽ ደመወዝ ቁረጪ፤ 6,000 በይው፤ በ15 ቀን በ15 ቀን ተቀበዪ። ወንድምሽን ከዚያ እርጂ። የሽያጩን ብር በሌላ ቦርሳ ያዢው፤ በቴሌብር የሚከፍሉሽም ለንግዱ ብቻ በከፈትሽው ቁጥር ይክፈሉ። 4,200 ብር ዱቤ 210 ሲኒ ነው፤ ለዚያ 2,310 ብር የሚያወጣ ቡና፣ ስኳርና ከሰል ካንቺ ወጥቷል። ደመወዝ በወጣ ማግስት በትሕትና ጠይቂያቸው፣ ከዚያ ወዲህ ከሁለት ሲኒ በላይ አታበድሪ።

ስለ ሆቴሉ። 5,000 ደመወዝ፣ ምሳው ቢገዛ በቀን 100 ብር ብንለው በወር 2,600፤ 7,600 ብር ነው። ጉርሻ አለ። ይህ በረንዳው ላይ ስትቀመጪ የምታልፊው ገንዘብ ነው፤ ማንም ስለማይጠይቅሽ ወጪ አይመስልም፣ የአማራጭ ዋጋ ይባላል። ስለዚህ በ20 ብር የምትቀጥዪ ከሆነ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደ ሆቴሉ ብትመለሺ አልቃወምሽም፤ ጭሱና የዱቤው ጭቅጭቅ ይቀርልሻል። በ25 ከ70 ሲኒ በላይ ከያዝሽ ግን በረንዳውን አትልቀቂ። የሁለቱን ሳምንት ቁጥር ላኪልኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ 20 ሆነን በየወሩ 5,000 ብር ዕቁብ እንጥላለን። ሁሉም እኩል ከፍሎ እኩል 100,000 ስለሚወስድ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዕጣ አንድ ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ አይደለም ትላለች።
ልብስ ሰፊ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ያለ ወለድ 95,000 ብር ተበድሯል፤ የመጨረሻው ያለ ወለድ አበድሯል። የመጨረሻው ሰው ያንኑ ገንዘብ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ እንዲሆን በተወሰነው 7 በመቶ ባንክ ቢያስቀምጠው ግብር ሳይነሳለት 5,500 ብር ገደማ ያገኝ ነበር። የዕቃ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ 100,000ው በ20ኛው ወር የሚገዛው የስፌት መኪና ከመጀመሪያው ወር ያነሰ ነው። የስፌት መኪና ለመግዛት ከሆነ የሚጥሉት፣ ቀደም ያለ ዕጣ ከደረሰው ሰው እስከ 5,000 ብር ጨምረው ቢለዋወጡ አያስቆጭም፤ የዕቁቡ ዳኛና ዋስዎ ይወቁት እንጂ። ገንዘቡ ለምንም የማይቸኩል ከሆነ፣ እጅዎ ላይ ሲገባም የሚበተን ከሆነ፣ የመጨረሻውን ዕጣ ይጠብቁ።