ቃሪያውን ወደ ዳር ለምትገፉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ለኮሌጅ ተማሪዎች ሥነ ምግብ ሳስተምር «ቫይታሚን ሲ የት ይገኛል?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ብርቱካን!» ይል ነበር። ምሳ ላይ ግን ያው ተማሪ ከሽሮው አጠገብ የቀረበችለትን ቃሪያ ወደ ትሪው ዳር ገፍቶ ይነሣል። በግራም ሲመዘን ጥሬ ቃሪያ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። ይኸው ቫይታሚን በእንጀራውና በሽሮው ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ቃሪያዋን የገፋ ከብረቱም ብዙውን አብሮ ገፍቷል።

ሻይና ቡና ደግሞ ከምግብ ጋር ከተጠጡ ያንኑ ብረት አስረው ያስቀሩታል። ወሎዬን ቡና ተው ማለት አይሞከርም፣ እኔም አልሞክረውም፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ሴቶች ልጆቼ፣ በየወሩ ደም ስለሚፈሳችሁ ይህችን ሰዓት አትናቋት።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል። ይህን ስናገር ከኋላ ወንበር «በኖን ካፌ ብር?» የሚል ሳቅ ይነሣል፤ በግቢው ካፌ ለማይበላ ተማሪ የሚሰጠውን ብር ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ በዚያ ብር ፖም አይገዛም። አብሽሩ፤ ጎመኑም፣ ካሮቱም፣ ቲማቲሙም፣ ዱባውም ይቆጠራል። ድንች አይቆጠርም (እዚህ ላይ ሁሌም የሚያዝን አይጠፋም)። የመርሳ ማንጎና ፓፓያ ሲደርስ ደግሞ ስኳር ከበዛበት ስፕሪስ ይልቅ ፍሬውን ራሱን ግዙ።

ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን ስትደፉ ከቫይታሚን ሲው ብዙው አብሮ ይደፋል። በትንሽ ውሃ፣ ከድናችሁ፣ ቶሎ አውጡት። ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ቅባት ከሌለ ሰውነት የጎመንንና የካሮትን ቫይታሚን ኤ በደንብ አያገኘውም።

የሰላጣውን ነገር ረዘም ላድርገው፣ የተቀጣሁበት ነውና። ወጣት ሳለሁ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ነከር አድርጌ፣ «ሎሚው ተውሳኩን ይገድለዋል» ብዬ ጨምቄበት በላሁ። ሳምንቱን ሽንት ቤት ስመላለስ ከረምኩ፤ ሥነ ምግብ አስተማሪው እንግዲህ እኔ ነኝ! ሎሚም ሆነ አቼቶ የወስፋትን እንቁላል አይገድለውም። የከተማ ፍሳሽ በገባበት ውሃ የለማ አትክልት ይህን እንቁላል ይዞ ገበያ ይወጣል። ቦርከና በደሴ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ምን ምን እንደሚቀላቀልበት የአካባቢው ልጆች ታውቁታላችሁ። ሻጯን የት እንደበቀለ ጠይቋት፣ አትቀየማችሁም። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይታችሁ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እሹት። ካሮቱን እጠቡና ላጡት። ከየት እንደመጣ ያላወቃችሁትን አብስሉት፣ እሳት የወስፋቱን እንቁላል ይገድለዋል።

ዶርም ውስጥ ውሃ የጠፋ ቀን ሰላጣው ይቅርባችሁ። ሙዝ ግዙና ራሳችሁ ላጡት።