አልማዝ ባለጭራ ደርቆ ሕመሙ ላልለቀቃችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከፋርማሲስት ጋር

ስትጠይቁ ዕድሜ፣ ከወጣ ስንት ጊዜው እንደሆነና የምትወስዱትን መድኃኒት ከነሚሊግራሙ ጻፉ።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጎኗ ላይ የወጣው ከደረቀ አራት ወር አለፈው፤ ነጠላዋ ሲነካት እንኳ ትጮኻለች። ቆዳዋ ላይ ግን ምንም የለም።

መልስ፦ ቆዳው ድኗል፤ ያልዳነው ነርቩ ነው። በልጅነት የያዘን የቺክን ፖክስ ቫይረስ ከሰውነት አይወጣም፤ አከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ተደብቆ ይኖራል። በዕድሜ ወይም በበሽታ አቅም ሲደክም ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወርዳል። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚወጣውም ለዚህ ነው። ሲወርድ ነርቩን ይጎዳዋል፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ የጨርቅ ንክኪን ቃጠሎ አድርጎ ለአንጎል ያደርሳል። እናትሽ አላጋነኑም፤ ቤት ውስጥም ማንም እንዲህ እንዳይላቸው። ዲክሎፌናክና ፓራሲታሞል ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም። ለነርቭ ሕመም ከሚታዘዙት አሚትሪፕትሊን ወይም ጋባፔንቲን ሐኪም እንዲያስብላቸው ውሰጃቸው።

ጥያቄ፦ አሚትሪፕትሊን 25 ታዘዘልኝ። ሦስት ቀን ውጬ ለውጥ ስላጣሁ ተውኩት። የድብርት መድኃኒት ነው አሉኝ ደግሞ።

መልስ፦ ለድብርትም ይሰጣል፤ ለነርቭ ሕመም ግን በአነስተኛ መጠን ነው የሚታዘዘው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ይሠራል አይሠራም ለማለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልጋል። አፍ መድረቅና እንቅልፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣሉ፣ ጥቅሙ ዘግይቶ ነው የሚታየው። የልብ፣ የፕሮስቴት ወይም የግላኮማ (የዓይን ግፊት) ችግር ካለብህ አስቀድመህ ለሐኪሙ ንገር። በራስህ አትጨምር፣ በአንዴም አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ጋባፔንቲን ስንት ልውሰድ?

መልስ፦ ኩላሊትዎ ሳይመረመር ቁጥር አልሰጥም። እየወሰዱ ከሆነ ግን በአንዴ አያቋርጡ።

አባል፦ አያቴ በቅጠል ነው የዳነችው። ሐኪም ቤት አልሄደችም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ በዚያው ቅጠል ቆዳው ተላጠ፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

አባል፦ አዋቂ ሰው ስላልቀባው ነው።

ሌላ አባል፦ የቀባው አዋቂ የተባለ ነው እኮ!

መልስ፦ እባካችሁ። ተቀባም አልተቀባም ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይደርቃል። የዛሬው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስለሚቀረው ሕመም ነው።

ጥያቄ፦ ወገብ ዞሮ ከገጠመ ይገድላል ይባላል።

መልስ፦ ሐሰት ነው።

ጥያቄ፦ ጠበልስ?

መልስ፦ ይጠመቁ፤ መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ እኔንም ያመኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የት? ከመቼ ጀምሮ? ምን እየወሰድክ? መግቢያውን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ፣ 57 ዓመቴ ነው። አምና ወጥቶብኝ ነበር፤ ክትባቱ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አዎ። የአልማዝ ባለጭራ ክትባቱ ሺንግሪክስ ከ50 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ ሁለት ጊዜ ነው፣ በመካከሉ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። ዳግመኛ እንዳይወጣ ይከላከላል እንጂ ያለውን ሕመም አያድንም።

ጥያቄ፦ አሚትሪፕትሊን አንድ ሳምንት ወሰድኩ፤ ካልሠራልኝ ብተወውስ?

መልስ፦ ይህን ከላይ መልሻለሁ። ሳምንት አይበቃም! ካዘዘልሽ ሐኪም ጋር ሳትነጋገሪ አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ ከትናንት ጀምሮ ግንባሬ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቷል፤ ዛሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይም ታየኝ። ሕመሙ በኋላ እንዳይቆይብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አፍንጫ ጫፍ ላይ ከታየ ዓይንሽም ሊነካ ይችላል። ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። አሁን ተነሺና ዓይን ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ሌላውን ስትመለሺ እንነጋገራለን።