የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቀጥ ባለ ቁልቁለትና ሰው በማያዘወትረው የተራራ መንገድ ላይ ብስክሌት ስለ መንዳት

በዚህ እትም የተራራ ብስክሌት ከሚነዱ አንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። ጥያቄዎቹ ከተለያዩ ሰዎች የመጡ ቢሆኑም፣ ሁሉም የሚያነሡት ቀጥ ያለ፣ አስቸጋሪና ብዙ ሰው የማያልፍበትን ቁልቁለት በመሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በሰፋፊ የጠጠር መንገዶች ላይ ለረጅም ጊዜ ስነዳ ቆይቻለሁ። በቅርቡ ግን ቀጫጭንና ቀጥ ያሉ የቁልቁለት መንገዶችን መሞከር ጀምሬአለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ ሁለቱንም ፍሬኖች ይዤ እንኳ ብስክሌቱ ፍጥነት ይጨምራል። ፍሬኑን ያየው ባለሙያ ምንም ጉድለት የለበትም ብሏል። ጓደኞቼ ደግሞ መቀመጫዬን ከኋላ ጎማው በላይ እስካደርስ ድረስ ወደ ኋላ እንድሸሽ ይመክሩኛል፤ እንደዚያ ሳደርግ ግን መሪው አልታዘዝ ይለኛል። ችግሩ ከምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባለሙያው ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ብቻ ነው፤ ብስክሌቱን ከነጋላቢው የሚያቆመው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዝበት ኃይል ሲሆን፣ ይህም ኃይል ወሰን አለው። የቁልቁለት ልክ በመቶኛ ሲነገር፣ በአግድም 100 ሜትር ሲጓዙ ስንት ሜትር እንደሚወርዱ ያመለክታል፤ ስለዚህ 100 በመቶ የሚባለው ቁልቁለት 45 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ጎማ በደረቅና ጠንካራ ዐለት ላይ መሬቱን ከሚጫንበት ኃይል ጋር የተቀራረበ የመያዝ ኃይል ሊያገኝ ይችላል። በልቅ አፈር፣ በጠጠር ወይም በእርጥብ ቅጠል ላይ ግን ይህ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል። መሬቱ የሚሰጠው ግማሹን ብቻ ከሆነ፣ ቁልቁለቱ ከ50 በመቶ፣ ማለትም ከ27 ዲግሪ ገደማ ካለፈ በኋላ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ፍሬን ቢገጥሙ ብስክሌቱ መፍጠኑን አይተውም። እርስዎ የገጠመዎት ይኸው ነው።

እንዲህ ባለ ስፍራ ላይ ፍጥነትን የሚወስኑት ከመግባትዎ በፊት ነው፤ የሚያራግፉትም ከወጡ በኋላ፣ መሬቱ ተመልሶ በሚይዝበት ቦታ ነው። በመካከል ያለው ክፍል ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ ከማሳለፍ በቀር ብዙ ምርጫ አይተውልዎትም። በዚህ አምድ ለብዙ ሰዎች መልስ ከሰጠሁ በኋላ ከምንም በላይ አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው፤ ማቆሚያውን በእግርዎ ወርደው ያላዩትን ቁልቁለት በብስክሌት አይግቡበት። ማቆሚያ ስል ቢያንስ ጥቂት የብስክሌት ርዝመት ያህል ለጥ ያለ ወይም ወደ ላይ የሚያቀና፣ ዛፍ፣ ገደል ወይም ድንገተኛ መታጠፊያ የሌለበት መሬት ማለቴ ነው። በእግር ሲወርዱ ተረከዝዎ የሚሆነውን ልብ ይበሉ። ተረከዙ አፈሩን ሰርስሮ ገብቶ ከቆመ ጎማም ይይዛል፤ እግርዎ ከላይኛው የጠጠር ሽፋን ጋር አብሮ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ጎማውም አብሮ እንደሚሸሽ ይቁጠሩት። ወርደው ሲጨርሱ ዘወር ብለው መንገዱን ከታች ወደ ላይ ይመልከቱት፤ ከላይ ያልታየ እርከን ወይም የሥር ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከታች ሲታይ ይገለጣል።

ስለ ሰውነት አቀማመጥ፣ የጓደኞችዎ ምክር ከአሮጌ ብስክሌት የተወረሰ ይመስለኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የነበሩት የተራራ ብስክሌቶች የፊት ሹካቸው ከአግድም ወደ 71 ዲግሪ ገደማ የቆመ ስለነበረ፣ የፊት ጎማው ወደ ነጂው ቀርቦ ይገኝ ነበር፤ ኮርቻውም እየተነዳ ዝቅ አይልም ነበር። እንዲህ ባለ ብስክሌት ላይ በመሪው በኩል ላለመገልበጥ ወደ ኋላ መሸሽ ግድ ነበር። ዛሬ ለቁልቁለት የሚሠሩት ብስክሌቶች ሹካ ከአግድም 63 ወይም 65 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚቆም የፊት ጎማው ራቅ ብሎ ወደ ፊት ይቀድማል፤ ኮርቻውም በመሪው ላይ ባለ መጫኛ ዝቅ ይላል። ሰው በፊት ጎማው ላይ የሚገለበጠው የክብደቱ መሃል የፊት ጎማው መሬት የነካበትን ነጥብ አልፎ ሲሄድ ነው፤ ስለዚህ ዝቅ ማለት ወደ ኋላ የመሸሽን ያህል ይጠቅማል፤ መሪውንም አያሳጣም። ከልክ በላይ ወደ ኋላ ሲሸሹ ግን የፊት ጎማው ጭነት ስለሚቀልለት መሬቱን መያዝ ያቅተዋል፤ መሪው አልታዘዝ ያለዎት ለዚህ ነው። ክንድዎም ተዘርግቶ ስለሚያልቅ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መሪው ይጎትትዎታል።

ስለዚህ ኮርቻውን ዝቅ ያድርጉ፤ ፔዳሎቹን በእኩል ከፍታ አግድም ይያዙ፤ ተረከዝዎን ወደ ታች ጫን አድርገው ክብደትዎን በእግርዎ ላይ ያሳርፉ፤ ጉልበትዎና ክርንዎ እጥፍ እንዳሉ ይቆዩ። በእጅዎ ላይ ከባድ ጫና ከተሰማዎት ወደ ፊት አጋድለዋል፤ መሪውን እየጎተቱ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። በእያንዳንዱ ፍሬን ላይ አንድ ጣት ብቻ ይበቃል፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይያዙ። ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ መጎተት ከጀመረ መሪውን ቢያዞሩት አይሰማም፤ ጎማው እንደገና እስኪዞር ፍሬኑን ለቅጽበት ላላ አድርገው መልሰው ይያዙ። በፍርሃት ጊዜ እጅ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ስለሆነ፣ ይህን ልምምድ አጭርና ማቆሚያው ሰፊ በሆነ ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ረጅም ቁልቁለት ስወርድ መካከል ላይ የፍሬኑ መያዣ ወደ መሪው እየተጠጋ ይመጣል፣ የሚቃጠል ሽታም እሰማለሁ። ትንሽ ሳርፍ ይመለሳል። ዝም ልለው እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ከነብስክሌትዎ 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 300 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ፣ በመውረድዎ የሚለቀቀው ኃይል 265 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል። ይህም ሦስት አራተኛ ሊትር የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን አየርና ጎማ ይወስዱታል፤ ቀጥ ባለና በዝግታ በሚወረድ መንገድ ላይ ግን አብዛኛው የሚያርፈው በሁለቱ የፍሬን ዲስኮችና በሸራዎቻቸው ላይ ነው።

ችግሩ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ውድድር ይካሄድበት የነበረው «ሪፓክ» (በእንግሊዝኛ «እንደገና መሙላት») የተባለው መንገድ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ወደ 400 ሜትር ይወርድ ነበር። የዚያን ጊዜ አሮጌ ብስክሌቶች ፍሬናቸው በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ስለነበረ፣ ግሪሱ በሙቀት እየተቃጠለ ያልቅና ከእያንዳንዱ የቁልቁለት ጉዞ በኋላ እምብርቱ እንደገና በግሪስ መሞላት ነበረበት፤ የመንገዱም ስም የመጣው ከዚሁ ነው።

በእርስዎ ብስክሌት ላይ ሁለት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። መያዣው ጠንካራ እንደሆነ ቆይቶ ብስክሌቱ ብቻ አልቆም የሚል ከሆነ ሸራው ከልክ በላይ ግሏል። መያዣው ራሱ ልፍስፍስ ብሎ ወደ መሪው ከተጠጋ ግን በዘይቱ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም ዘይቱ መፍላት ጀምሯል፤ እርስዎ የገለጹት ይህን ሁለተኛውን ነው፣ እጅግ የሚያሰጋውም እርሱ ነው። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ የመፍያ ነጥቡ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይወርዳል። የዶት 4 ዝቅተኛ መስፈርት አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ግን 155 ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱን ያስቀይሩ፣ አየሩንም ያስወጡ። አንዳንድ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ስለሆነ፣ በመያዣው ወይም በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሳያዩ አንዱን በሌላው አይተኩ፤ ጎሚኒዎቹን ያበላሻል። ለረጅም ቁልቁለት ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ሙቀትን የበለጠ ይችላል። 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ካለዎት ሹካውና የብስክሌቱ አካል የሚፈቅዱ ከሆነ 200 ወይም 203 መግጠም ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

በመንገድ ላይ ሳሉ፣ መሬቱ በሚይዝበት ቦታ ጠበቅ አድርገው ይዘው ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ ቀኑን ሙሉ በስሱ ይዞ መውረድ ዲስኩ የሚተነፍስበትን ጊዜ ያሳጣዋል። መያዣው መላላት እንደ ጀመረ ቆመው ይጠብቁ። ቶሎ ይበርድልኝ ብለው ውሃ አያፍስሱበት፤ የጋለ ዲስክ ሊጣመም ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ መንገድ በካርታ ላይ በጥቁር ምልክት የተመደበ ነው። ጥቁር መንገዶችን ያለ ችግር ስለምወርድ ገባሁበት፤ ግን ከለመድኳቸው ሁሉ እጅግ የከበደ ሆኖ አገኘሁት። ደረጃው ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ላይሳሳት ይችላል። ከአረንጓዴ ተነሥቶ በሰማያዊ በኩል ወደ ጥቁርና ድርብ ጥቁር የሚያድገው አመዳደብ ከበረዶ ሸርተቴ የተወሰደ ሲሆን፣ በየአካባቢው ካሉ ሌሎች መንገዶች ጋር እየተነጻጸረ ስለሚሰጥ የአንዱ ቦታ ጥቁር የሌላው ድርብ ጥቁር ሊሆን ይችላል። በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የተለመደው ከኤስ 0 እስከ ኤስ 5 ያለው መለኪያ የቁልቁለቱን ልክ፣ የእርከኑን ከፍታና የመታጠፊያውን ጥበት ስለሚገልጽ ለእኔ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚናገሩት መንገዱ በተመደበበት ቀን ስለነበረው መልክ ነው። ሰው የሚያዘወትረው መንገድ በጎማ እየተጠቀጠቀ ይጠነክራል፤ የወደቀው ግንድ ይነሣል፣ ልቅ ድንጋዩም ወደ ዳር ይገፋል። ሰው የተለየው መንገድ ግን ቅጠል ይከማችበታል፣ በቅጠሉ ሥር ጎርፍ የቦረቦረው ጎድጓዳ ይሸሸጋል፣ ሥሮች ከአፈር እየወጡ ይራቆታሉ፣ ቁጥቋጦም መታጠፊያውን ይጋርዳል። በመንገዱ ላይ የጎማ ዱካ ካላዩ፣ ከዚህም ከዚያም የተዘረጋ የሸረሪት ድር ፊትዎን ከነካዎት፣ በዚያ ቀን ከእርስዎ የቀደመ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ የካርታውን ደረጃ ይርሱትና በሚታይዎት ርቀት ውስጥ ለመቆም በሚያስችል ፍጥነት ብቻ ይሂዱ። እርጥብ ሥር መንገዱን አግድም ሳይሆን ሰያፍ ካቋረጠ፣ ሥሩ ላይ ፍሬን ሳይይዙና ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ይለፉት።

ጥያቄ፦ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነው የምነዳው፤ በምወደው መንገድ ላይ የስልክ መስመር የለም። ባለቤቴ በጣም ይጨነቃል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እኅታችን፣ የባለቤትዎ ጭንቀት ተገቢ ነው፤ የሚያቀልለትም በእጁ ላይ ትክክለኛ መረጃ ትተው ሲሄዱ ነው። የሚገቡበትን መንገድ፣ የሚወጡበትን ቦታ፣ የሚመለሱበትን ሰዓትና ያ ሰዓት ካለፈ ለማን እንደሚደውል በጽሑፍ ይተውለት፤ ከዚያም መንገዱን በመካከል አይቀይሩ። ፊሽካና የግንባር መብራት ይያዙ። በተራራ ላይ የታወቀው የችግር ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ማፏጨት ወይም ማብራት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያም መድገም ነው፤ መልሱ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ደም ለማቆም የሚያስችል ሰፊ ፋሻ፣ የድንገተኛ ጊዜ ስስ ብርድ ልብስ፣ የውስጥ ጎማ ከነመንፊያው፣ የካቴና መቀጠያና ትርፍ የፍሬን ሸራ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ይገባሉ። ራስዎን ከተመቱ፣ ደህና ቢመስልዎትም ብስክሌቱን እየገፉ ይውረዱ። ሄልሜቱንም ይቀይሩት፤ በውስጡ ያለው አረፋ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ በኋላ ለሁለተኛ ምት አያገለግልም። ብቻዎን በሚሆኑበት ቀን ደግሞ፣ ከሰው ጋር ቢሆኑ የሚወርዱትን አስቸጋሪ ክፍል በእግርዎ ቢያልፉት ይህን ከሙያ ጉድለት እንዳይቆጥሩት እለምንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ የኋላ ጎማን እያንሸራተቱ መውረድ መንገዱን በእርግጥ ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል፤ ሰው በማያዘወትረው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። የሚጎተት ጎማ አፈሩን ፈልቅቆ ጎድጓዳ መስመር ያበጃል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው ያንን መስመር ይዞ ይወርዳል። መንገድ የሚሠሩ ባለሙያዎች የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ካረፈበት ተዳፋት ከግማሽ እንዳይበልጥ የሚሉት፣ ከዚያ ካለፈ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መፍሰሱን ትቶ መንገዱን ተከትሎ ስለሚፈስ ነው። እርስዎ የሚወዷቸው ቀጥ ያሉ አሮጌ መንገዶች አብዛኞቹ ይህን ልክ ያለፉ ስለሆኑ በቀላሉ ይቦረቦራሉ። መሬቱ በውሃ ርሶ ሳለ አይግቡባቸው፤ በግንድ ወይም በቅርንጫፍ ተዘግተው ካገኟቸውም መሰናክሉን ከማንሣትዎ በፊት የመሬቱን ባለቤት ወይም ጠባቂ ይጠይቁ፤ አፈሩ እንዲያገግም ወይም ወፎች እንዲፈለፍሉ ሆን ተብሎ የተዘጋ ሊሆን ይችላል።