ሥራዬና ቤቴ ተጣሉብኝ፤ እግዚአብሔር የሚወድልኝ የቱን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ቤተሰቤንም የማስተዳድረው በእሱ ነው። ግን ጠዋት ልጆቼ ሳይነሡ እወጣለሁ፣ ማታ ከተኙ በኋላ እገባለሁ። ከገባሁም በኋላ ስልኬ አያርፍም። ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። በቀደም ባለቤቴ «አንተ እኮ እዚህ ቤት እንግዳ ነህ» አለችኝ። የምለፋው ለእነሱ ስለሆነ ነገሩ ከነከነኝ። ሥራ እንዳልቀንስ ደግሞ ስንፍና እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ መጽሐፍም «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ይላል። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ ሳልጨርሰው የመጣሁት ሥራ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተና ከቤተሰብህ ጋር ይሁን። ጥያቄህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የያዘችኝ የባለቤትህ ቃል ናት። አንተን ለማቃለል የተናገረችው አይመስለኝም። ለማን እንደምትለፋ እሷም ታውቃለች። ያጣችው አንተን ነው። ስለዚህ ንግግሯን በወቀሳ አትተርጉመው፤ ናፍቆት ነው። መልሴንም ይህን ይዘህ አንብብልኝ።

በመጀመሪያ ስንፍናን ስለ መፍራትህ። ሥራ እርግማን አይደለም። አዳም ገና ሳይበድል ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተሰጥቶታል (ዘፍ. 2፥15)። ከበደል በኋላ የመጣው ድካሙና ወዙ ነው። የጠቀስከው የቅዱስ ጳውሎስ ቃል ደግሞ የተጻፈው ለተሰሎንቄ ምእመናን ነው። ከመካከላቸው ሥራ ፈትተው በሰው ጉዳይ እየገቡ የሚዞሩ ነበሩና ለእነሱ የተነገረ ነው። ልጆቹ ሳይነሡ ወጥቶ ከተኙ በኋላ ለሚገባ አባት የተጻፈ ተግሣጽ አይደለም።

እንዲያውም ስለዚህ «ሰነፍ» ስለሚባል ቃል አንድ ነገር ልንገርህ። እስራኤል በግብፅ ሳሉ «ሄደን ለአምላካችን እንሠዋ» ብለው ፈርዖንን ጠየቁት። እሱ ግን ሰነፎች ስለሆናችሁ ነው አላቸው። ለጡብ ሥራ ይሰጣቸው የነበረውን ጭድ ከለከላቸው፤ የጡቡን ቁጥር ግን አንድ እንኳ አልቀነሰላቸውም (ዘፀ. 5)። ጭዱን ራሳቸው እየለቀሙ ያንኑ ያህል ጡብ አስረክቡ ተባሉ። አንተም «ትንሽ ልረፍ» ስትል ከውስጥህ «ሰነፍ» የሚልህ ድምፅ አለ አይደል? ያን ድምፅ ዝም ብለህ የእግዚአብሔር ነው አትበለው። መርምረው። እግዚአብሔር ያን ሕዝብ ካወጣው በኋላ የሰጠው ትእዛዝ ሌላ ነው። ስድስት ቀን ሥራ፣ በሰባተኛው ዕረፍ አለው። አንተ ብቻ ሳትሆን ልጅህም፣ አገልጋይህም፣ ከብትህም፣ በደጅህ ያለው መጻተኛም ይረፉ አለ። ምክንያቱን ሲነግረውም «በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ» ይለዋል (ዘዳ. 5፥15)።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ዕረፍትን ሥራ ሲያልቅ የሚሰጥ ሽልማት ስናደርገው ነው። «ይቺን ብቻ ልጨርስና» እንላለን። ያቺ ስታልቅ ሌላ ትመጣለች። ሰንበት የምትገባው ግን ቀኗ ስለ ደረሰ ነው፤ ሥራው አለቀ አላለቀ ብላ አትጠይቅም። በምድረ በዳ መና የለቀሙትን ሰዎች አስብ። ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ አደረ። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ ለቀሙ፣ ለሰንበትም በቃቸው። እንዲህም ሆኖ በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡ ነበሩ፤ ምንም አላገኙም (ዘፀ. 16)። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ያሳዝኑኛል። የሚበሉት ቤታቸው ተቀምጦ ነው የወጡት። የቸገራቸው ምግብ አልነበረም። እጃቸው ሳይሠራ እግዚአብሔር ይመግበናል ብለው ማመን ነው ያቃታቸው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሥራው ሳያልቅ ማቆም እምነት ይጠይቃል። «ቀሪው ነገ ይደርሳል፤ እስከዚያ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ለእግዚአብሔር መተው ነው። መዝሙረኛውም እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ ካለ በኋላ፣ ማልዶ መነሣትና አምሽቶ መድከም ከንቱ መሆኑን ተናግሮ እግዚአብሔር ለወዳጆቹ እንቅልፍን ይሰጣል ይላል (መዝ. 126)። እንቅልፍ ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ስጦታ ነው ማለት ነው። አንተ ስጦታውን ስንት ሌሊት መልሰህለታል?

አሁን ወደ ቤትህ ልግባ። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18ን ዛሬ ማታ ከባለቤትህ ጋር አንብቡት። ብዙ ጊዜ ስለ አስተዳደር ሲሰበክበት እንሰማለን። የሻለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃና የአሥር አለቃ ሹመት እዚያ አለና። እኔን ግን የምዕራፉ መጀመሪያ ይይዘኛል። የሙሴ አማት ዮቶር ብቻውን አልመጣም። የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆች፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን፣ ይዞ በምድረ በዳ መጣ። ሙሴ ወጥቶ አማቱን ተቀበለ፣ ሰገደለት፣ ሳመው፣ ደኅንነታቸውን ተጠያየቁ፣ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ከዚያ ምን ይላል? በነጋው ሙሴ በሕዝቡ ሊፈርድ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ከጠዋት እስከ ማታ በዙሪያው ቆመ።

በነጋው! ሚስቱና ልጆቹ ገና መድረሳቸው ነው። ነቢዩን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራው የእግዚአብሔር ሥራ ነበር፣ ሰዎቹም በእውነት ይፈልጉት ነበር። ነገሩን ያየው ግን እነዚያን ልጆች ከሩቅ ያመጣው አያት ነው። ለምን ብቻህን ትቀመጣለህ አለው። ይህ የምታደርገው መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለው። ሥራህን ተው አላለውም። ከባዱን ነገር አንተ ያዝ፣ ቀላሉን ሌሎች ይዳኙ ነው ያለው። ሙሴም ሰማው። ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር ሰው የአማቱን ምክር ሰማ! አንተ ደግሞ ባለቤትህን ስማት። ለአንተ ዮቶር እሷ ልትሆን ትችላለች።

እኔም ይህን ምዕራፍ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየምሽቱ ጉባኤ ላይ ነበርኩ። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ አስተዳደግ ሳስተምር አመሽ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ገባሁ። የአራት ዓመት ልጄ የእናቷን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በሩ አጠገብ ቆማለች። አሻንጉሊቷን መሬት ላይ አስቀምጣ «እሺ ደኅና እደሩ፣ ጉባኤ አለኝ» አለቻት። «ማሙሽ» ወይም «እማማ» እየተባባሉ ሌሎች ልጆች የሚጫወቱትን አይደለም የምትጫወተው። አባት መሆን ማለት ለእሷ ከበር መውጣት ነበር። ያን ቀን ማታ መርሐ ግብር ነበረኝ። ደውዬ ሌላ መምህር እንዲተካኝ ለመንኩ። ጉባኤውም ያለ እኔ ተካሄደ።

ይህን የማነሣው ስለ እሑድ አገልግሎትህም ስለጻፍክልኝ ነው። አገልግሎት ቅዱስ ነው፤ ተው አልልህም። ግን ቅዱስ ነገርም ከቤት መሸሻ ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ሲለያዩ ተስማምተው፣ ያውም ለጊዜው ብቻ እንዲሆን ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ለጸሎት ስምምነት ከተጠየቀ ለስብሰባና ለትርፍ ሰዓትማ እንዴት አይጠየቅ? ካህኑ ዔሊም በእግዚአብሔር ቤት ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎ የተፈረደበት በልጆቹ ነው፤ ክፋታቸውን እያወቀ አልከለከላቸውም። ጌታችንም ሐዋርያት ከስብከት ሲመለሱ ወዲያው ሌላ ስምሪት አልሰጣቸውም። የሚመጣና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና፣ ለብቻችሁ ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ አላቸው (ማር. 6፥31)። ስለዚህ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ጋር ተነጋገር። በየሳምንቱ የነበረውን ሁለት ሳምንት አንዴ ማድረግ ይቻላል። ትርፍ ሰዓቱንም ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የትኛው ለእውነተኛ ችግር ነው፣ የትኛው «እምቢ» ማለት አቅቶህ ነው? መልሱን አንተ ታውቀዋለህ።

ቅዳሴ ላይ ስለሚበተነው ሐሳብህ። የመነኮሳት አባት የሚባለው ታላቁ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሐሳብ አስጨነቀው። ልድን እወዳለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም ብሎ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ከዚያም እሱን የመሰለ ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ይሠራል፣ ይነሣና ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፣ ደግሞ ተነሥቶ ይጸልያል። እንጦንስን ሊያስተምር የተላከ መልአክ ነበር። እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ አለው። ልብ በል፤ ሲሠራ ይሠራል፣ ሲነሣ ይነሣል። ገመዱን ይዞ አልጸለየም።

አንተም የምትነሣበት ሰዓት ያስፈልግሃል። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት የከፈለችው ለዚህ ጭምር ይመስለኛል። ከሰባቱ ለአንተ አንዱን ልምረጥልህ፤ ጸሎተ ሠርክን፣ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ የሚጸለየውን። ከሥራ ቦታህ ሳትወጣ ያልጨረስከውን በወረቀት ጻፍ። ወረቀቱን እዚያው ተው። ከዚያ ቆመህ አንድ «አባታችን ሆይ» ድገም፤ ለብዙ ጸሎት ሰዓት ከሌለህ ይህ ይበቃል። ቤት ስትደርስ ስልክህን በር አጠገብ አስቀምጥ፣ ልጆቹ እስኪተኙ አትንካው። ከምግብ መጾም ከቻልክ ከስልክ ሁለት ሰዓት መጾም አያቅትህም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። እጅህ ወደ ኪስህ ይሄዳል። ይሂድ፤ ይለምዳል።

እርግጥ ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ምርጫ የለውም። ሁለት ሥራ ካልሠራ ቤቱ የማይቆም አለ። ሌሊት የሚጠብቅ፣ ሌሊት የሚያስታምም፣ ብቻዋን የምታሳድግ አለች። እናንተን አልወቅስም። የጡብ ሠራተኞችን ጩኸት የሰማ አምላክ የእናንተን ድካም ያያል። በአውቶቡስ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትሏት «አቤቱ ማረን» ትሰማለች። በሥራችሁ ሰው የምታዝዙ ግን ትእዛዙን ደግማችሁ አንብቡት። «አገልጋይህም ይረፍ» ይላል። በሌሊት የምትልኩት መልእክት፣ በእሑድ የምትጠሩት ስብሰባ የሌላ ሰው ልጅ አባቱን የሚያይበት ሰዓት ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ምእመናን ኃጢአት አለብን ብለው አያስቡም። ሊያስቡበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ፣ ይህን ነገር ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ግን ስትነግራቸው «ሥራ በዝቶብኝ» ብለህ አትጀምር። ልጆችህን ነቅተው ካየሃቸው ስንት ቀን እንደ ሆነህ ቁጠርና ከዚያ ጀምር።