የድሮ ሬንጀር መጠገን እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጠያቂያችን የ23 ዓመት ወጣት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ ዕቃ በማድረስ ይተዳደራል። የ1994 ፎርድ ሬንጀር የሚባል ትንሽ ፒካፕ ገዝቶ እየፈታ እየገጠመ ሞተር ለመደ። አሁን የጓደኞቹንም ሸቭሮሌት ኤስ-10 እና ጂፕ ቼሮኪ ይሠራል። «የድሮ የአሜሪካ ትንንሽ ፒካፖችንና ጂፖችን ብቻ የሚጠግን ጋራዥ ልክፈት? አጎቴ ግን ይሄን ተወውና ኮምፒውተር ተማር ይለኛል» ብሎ ጽፎልናል።

ወንድሜ፣ ሙያውን አጥብቀህ ያዝ። ጋራዡ ግን ይቆይ።

የገዛኸው መኪና ጥሩ አስተማሪ ነው። ባለ 2.3 ሊትር ከሆነ፣ ኦሃዮ ውስጥ ባለችው ሊማ ከተማ ስም የሚጠራው ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር ሆኖ ስምንት ካንዴላ አለው። ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ መንገድ ላይ ቢበጠስ መኪናው ቀጥ ይላል እንጂ ቫልቭና ፒስተኑ አይጋጩም። ስለዚህ ለጀማሪ እጅ የተመቸ ነው። ኮፈኑን ስትከፍትም ሁሉም ነገር ፊት ለፊትህ ነው።

ግን ከእንዲህ ዓይነት መኪና ሥር ሁለት ዓይነት መካኒክ ይወጣል። የጓደኛህን ጂፕ እንውሰድ፤ 4.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር። ሲሞቅ ድንገት ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አንዱ መካኒክ የነዳጅ ፓምፕ ይቀይራል። አልሆነም፤ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ኮይል ይቀይራል። ሌላው መኪናው በጠፋበት ሰዓት ይደርስና መጀመሪያ ካንዴላው እሳት ይሰጥ እንደሆነ ያያል። አይሰጥም። የነዳጅ ግፊቱን ይለካል፤ ደህና ነው። ከዚያ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወዳለችው፣ የሞተሩን ዘንግ መዞር ለኮምፒውተሩ ወደምትነግረው የክራንክሻፍት ሴንሰር ይሄዳል። ይቺ ሴንሰር በዚህ ሞተር ላይ ስትሞቅ ምልክት መላክ በማቆም የታወቀች ናት። ዋጋዋም ትንሽ ነው። አንተ ሁለተኛውን ሰው ሁን። ጥሩ ገንዘብ የሚከፈለው እሱ ነው።

ጋራዡን ያዝ ያደረግኩብህ መኪኖቹ እያለቁ ስለሆነ ነው። የድሮው ካሬው ቼሮኪ አሜሪካ ውስጥ በ2001፣ ኤስ-10 በ2004፣ ትንሹ ሬንጀር በ2011 መመረታቸው ቆሟል። በ2019 የተመለሰው ሬንጀር ከበፊቱ የገዘፈ ነው። ደግሞ የደንበኛህን ኪስ አስብ። ከ2001 ወዲህ ያሉት ባለ 4.0 ቪ6 ሬንጀሮች በቺንጋ ፋንታ የታይሚንግ ሰንሰለት አላቸው፤ ሰንሰለቱን የሚመራው ፕላስቲክ ሲሰበር ጠዋት ሲነሱ ይንኳኳሉ። አንዱ ሰንሰለት ከሞተሩ ጀርባ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሞተሩ መውረድ አለበት። ሒሳቡ የመኪናውን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ባለቤቱ «ተወው» ይልሃል፤ አይፈረድበትም።

እዚያው አሌክሳንድሪያ ያለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ካምፓስ የአውቶሞቲቭ ትምህርት አለው። ሄደህ ጠይቅ። ጎን ለጎን ዘይት በመቀየርም ቢሆን ጋራዥ ግባ። ዓላማህ ኤ ኤስ ኢ የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ ይሁን። ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ይፈልጋል፤ ከፊሉን ትምህርት ሊተካልህ ይችላል። ከኤሌክትሪክና ከሞተር አሠራር ፈተናዎች፣ ማለትም ከኤ6 እና ከኤ8 ጀምር። ብዙ ጀማሪ ፍሬን ይመርጣል፤ እኔ ግን ሽቦ የሚያነብ ሰው ሥራ አያጣም ባይ ነኝ።

አጎትህን በዚሁ አሳምናቸው። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ኦቢዲ-2 የሚባል አንድ ዓይነት የኮምፒውተር መመርመሪያ አለው። ያንተ 1994 ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ የብልሽት ኮዱ የሚነበበው የሞተር መብራቱ ብልጭ ሲል እየቆጠሩ ነው። መቁጠሩን ልመደው፤ ግን መኪናው ላይ በሚሰካ ስካነር ሞተሩ እየሠራ የሚልከውን መረጃ ማንበብም ተማር። የዛሬ መካኒክ የኮምፒውተር ሰው ነው።

ደግሞ ዙሪያህን ተመልከት። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና የአፕ ትራንስፖርት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ ሃይብሪድ ነው የሚነዱት። መኪናቸው አንድ ቀን ሲቆም የዕለት ገቢያቸው ቀረ ማለት ነው። እምነት የሚጣልበት መካኒክ ይፈልጋሉ። ኤል3 የሚባለው የኤ ኤስ ኢ ማረጋገጫ ለሃይብሪድና ለኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ በኋላ ትደርስበታለህ። እስከዚያ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሸከመውን ብርቱካናማ ሽቦ እንዳትነካ! ቶዮታ ፕሪየስ በሚባለው ሃይብሪድ ውስጥ ያለው ባትሪ ከ200 ቮልት በላይ ነው።

ሥራ ልትቀጠር ስትሄድ አንድ ነገር ሳትጠይቅ አትፈርም፤ የሚከፈለኝ በሰዓት ነው ወይስ በፍላት ሬት? ፍላት ሬት ማለት የእያንዳንዱን ጥገና ሰዓት የሚተምነው መጽሐፍ ሥራውን ሁለት ሰዓት ካለው፣ አራት ሰዓት ቢፈጅብህም የሁለቱ ብቻ ይከፈልሃል ማለት ነው። እጁ ለፈጠነ ሰው ጥሩ ነው። አንተ ግን ለመጀመሪያው ዓመት በሰዓት የሚከፍል ፈልግ፤ ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ቢልም እንኳ።